ለአምስት ዓሣ ኢንሹራንስ የጻፉት ጋሽ አሼቶ

ጋሽ አሼቶ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ቦንጋ ያሉ የቀድሞ ባልደረቦቼ ሁሉ የጅማ ስልኬን ያውቃሉ፤ ግን እያንዳንዱ «ሌላው ነግሯታል» ብሎ ተወው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ተከትሎኝ ገባና «ዘመድሽ ናቸው እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው» አልኩት። ለመሥሪያ ቤት ሰው እንዲህ እንደሚለቀስ አያውቅም ነበር፤ እሱ ያለበትን መሥሪያ ቤት ስለማውቅ አልፈረድኩበትም።

ቅዳሜ ተሳፍሬ ልቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ተነስቷል፤ ጥቂት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ስለ እሳቸው ያወራሉ። ከሩቅ ዘመዶቻቸው አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «በሥራ ዘመናቸው አንድም ስህተት ያልተገኘባቸው ሰው ነበሩ» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ልቅሶ ቤት ክርክር አይነሳም። ስህተት ግን ተገኝቶባቸዋል። ያገኙትም፣ የጻፉትም፣ የፈረሙበትም ራሳቸው ናቸው። እዚያ ተነስቼ ይህን መናገር ስላልሆነልኝ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ያወቅኋቸው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ቦንጋ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ነው። ቅርንጫፍ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ሦስት ክፍል ናት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅሩ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ጋሽ አሼቶ፣ እኔና ዝናቡ ነበርን። ዝናቡን የምቆጥረው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አብሮን ስለሚውል ነው። ጣሪያችን ያፈስ ነበር፤ የሰውን ቤት ኢንሹራንስ እያስገባን ለራሳችን ባልዲ ደቅነን እንሠራለን።

ጋሽ አሼቶ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰው መጋዘኑን ወይም ቤቱን ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሲመጣ ሄደው አይተው ምን እንደሚያሰጋው ይጽፋሉ፤ ጉዳት ሲደርስም ምክንያቱን መርምረው ሪፖርት ያቀርባሉ። ማንኪራ ተወልደው፣ ከአባታቸው ጋር ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ያደጉ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሜትር አይዙም። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለባት ገመድ አለች፤ መጋዘን የሚለኩት በእሷ ነው። «ሜትር ይዝጋል፣ ገመድ አይዋሽም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ በሜትር ሳመሳክራት ገመዷ ሁለት ጣት ያህል ትዋሻለች። አልነገርኳቸውም።

ሲያስቡ የጆሯቸውን ጫፍ ያሻሉ። ሲናደዱ ደግሞ አማርኛቸው ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል፤ እኔን «አንተ» ካሉኝ ያ ቀን ተበላሽቷል ማለት ነው። ለሄዱበት ቤት ሁሉ አንድ ትእዛዝ ሳይሰጡ አይወጡም፤ «ይህን ላምባ ከጆንያው አርቀው»፣ «ይህን በር ወደ ውጭ የሚከፈት አድርገው» ይላሉ። ሁለት ነገር አያዙም። «ሁለት ያዘዝከው ሰው አንዱንም አይሠራም» ነው የሚሉት። ነጋዴው እየተነጫነጨም ቢሆን ይፈጽማል፤ ጋሽ አሼቶ ተመልሰው መጥተው እንደሚያዩ ያውቃል። አንድ ባለ መጋዘን ትእዛዛቸውን ለማስረሳት አንድ ቆርቆሮ ማር ቢሮ ድረስ ልኮላቸው ነበር። ቆርቆሮውን ተሸክመው በቡና መጫኛው ሰዓት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በሩ ላይ አስቀመጡለትና «ማር የምበላው ከጫካ ነው፣ ከመጋዘን አይደለም» ብለውት ሄዱ። ሰውዬው ለብዙ ጊዜ ሰላም አላላቸውም፤ ላምባውን ግን አነሳ።

አንድ የነሐሴ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉና «እናንተ ጋ ዓሣ ኢንሹራንስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ፍቅሩ ከውስጠኛው ክፍል ሰምቶ «ጥብሱ ነው ወጡ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ጋሽ አሼቶ ግን ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጧቸውና «ስንት ናቸው?» አሏቸው።

«አምስት። ቀያይ ናቸው። ከነመስታወት ቤታቸው ነው የምላችሁ።»

እትዬ አስካለ ለደን ጥናት መጥተው ቦንጋ ለኖሩ ፈረንጆች ምግብ ያበስሉ ነበር። ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሳሎናቸው የነበረውን አኳሪየም ከነዓሣዎቹ ሰጥተዋቸው ሄዱ። «ብርድ ልብስ ቢሰጧት አይሻልም ነበር?» እያለ ያልቀለደ የሰፈር ሰው የለም።

«ባለቤቴን ታውቁታላችሁ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አስር አለቃ ደምሴ ወታደር ነበሩ፤ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን፣ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው፣ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰው አያናግሩም። ደርሰው ብድግ ይሉና ጫካ ይገባሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ መንገደኛ ከጎጀብ አካባቢ አግኝቶ ያመጣቸዋል።

«ዓሣዎቹ ከመጡ ወዲህ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም» አሉ እትዬ አስካለ። «ጠዋት ተነስቶ ፊታቸው ይቀመጣል፣ እስኪመሽ። ያ መስታወት አንድ ነገር ቢሆን ሌላ የማመጣበት አቅም የለኝም። ጋሽ አሼቶ፣ እኔ የምሰጋው ለዓሣ አይደለም።»

ጋሽ አሼቶ ጆሯቸውን አሹ። «ገብቶኛል» አሉ።

ለዓሣ የሚሆን ውል አልነበረንም። አቶ ፍቅሩ «ይቅርብን፣ መሳቂያ እንሆናለን» አለ። ጋሽ አሼቶ ግን ከቤት ዕቃ ውል ጋር በተጨማሪነት ይያዝ ብለው ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉ። መልሱ «ንብረቱ ዕቃ ነው ወይስ እንስሳ? ይገለጽ» የሚል ሆኖ መጣ። «ቤቱ ዕቃ ነው፣ ነዋሪዎቹ እንስሳት ናቸው» ብለው መለሱ። ከዚያ የከብት ቅጽ ላኩልን። ቅጹ ቀንድ፣ ቀለምና የጆሮ ምልክት ይጠይቃል። ጋሽ አሼቶ ቀንድ በሚለው ላይ «የለውም»፣ ጆሮ በሚለው ላይ «ፈልጌ አላገኘሁም» ብለው ሞሉት። ያንን በጽሕፈት መኪና ስመታ እየሳቅሁ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጸደቀ።

ንብረቱን ሊያዩ ሲሄዱ እኔም የሚሉትን ልጽፍ ተከተልኳቸው። ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። አስር አለቃ ደምሴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የብስክሌት መንፊያ ይዘው፣ ቀጭን ጎማዋን ውሃው ውስጥ ከትተው ቀስ እያሉ ይነፋሉ። ለዓሣዎቹ አየር የሚሰጠው ሞተር መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም ነው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዞር ብለው አላዩንም። ጋሽ አሼቶ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው ብዙ ቆዩና «ይደክማል?» አሏቸው።

«ይህ አይደክምም» አሉ አስር አለቃ ደምሴ።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ባላቸው ለባዕድ ሰው መልስ ሲሰጡ ከሰሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

አኳሪየሙ የተቀመጠው በሁለት የቢራ ሳጥኖች ላይ ነበር፤ ሲነኩት ይወዛወዛል። ጋሽ አሼቶ በገመዳቸው ለኩና አንዷን ትእዛዝ ሰጡ፤ «በሳጥኖቹ ፈንታ በቀረሮ እንጨት ወፍራም ጠረጴዛ ይሠራ።» እትዬ አስካለ ደግሞ በሳምንቱ የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ቢታ ገነት መሄድ ነበረባቸው፤ ባላቸውን ከዚያ ከሚወዛወዝ ነገር ጋር ብቻቸውን ትተው መሄድ ፈሩ። ስለዚህ ጋሽ አሼቶ ራሳቸው አናጺ ጋ ሄደው አዘዙ። ጠረጴዛው በአራት ቀን ደረሰ፣ ውሉ ተፈረመ፣ እትዬ አስካለም ልባቸው አርፎ ሄዱ። የጠረጴዛው ትእዛዝ ግን በቃል የተሰጠ ነው፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ቆመ፤ ደህና ፀሐይ ወጣ። አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ እትዬ አስካለ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፤ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ አለ።

«ጋሽ አሼቶ፣ ፈሰሰ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ቤቱ ጭቃ ሆኖ ደረስን። የጠረጴዛው አንድ እግር ተንሻፏል፣ ገበታው ተጣሟል፤ ከላይ የነበረው መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ሄዷል። ሁለት ዓሣዎች ሞተው ሳህን ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አሉ። አስር አለቃ ደምሴ ሳፋው ላይ አጎንብሰው ይነፋሉ፤ መስታወት የቆረጠው እጃቸው ይደማል። መብራት አለ፣ ሞተሩም ይሠራ ነበር፤ እሳቸው ግን ይነፋሉ። ሚስታቸው ትከሻቸውን ሲነኩ «አትንኪኝ፣ ይቆማል» አሉ።

ጋሽ አሼቶ ተንበርክከው የተንሻፈፈውን እግር ያዙት። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ አሸተቱት። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ የተንሸራተቱ መስሎኝ ላነሳቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙትም።

ስንመለስ ዳገቱ መሐል ላይ ነው የተናገሩት።

«እርጥብ ነበር» አሉ። «አናጺው ነግሮኛል። ‹ጋሽ አሼቶ፣ ይህ ገና አልደረቀም፣ ቆጥ ላይ ሁለት ወር ይቆይ› ብሎኛል። ‹አራት እግር ነው፣ ምን ይሆናል› አልኩት። እኔ! አባቴ ያልደረቀ እንጨት ለቀፎ እንኳ አያስነካም ነበር።»

«አናጺው አሁን የት ነው?» አልኳቸው።

«ደካ ሄዷል፣ እዚያ ሥራ አግኝቶ። ምን ያደርግልሃል?»

ያደርግልኝ ነበር። ከእሳቸው፣ ከእኔና ደካ ካለው አናጺ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ነው።

አቶ ፍቅሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዋናውን መሥሪያ ቤት የሚፈራ ሰው ነበር። ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ፤ በሩ ግን ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማኛል።

«ጋሽ አሼቶ፣ ጠረጴዛው የማን ነው? የሴትዮዋ። ውሉ ደግሞ ባለንብረቱ ባዘጋጀው ጉድለት ያለው ማስቀመጫ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ካሳ አይከፈልም ይላል። አለቀ።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«ወረቀት ላይ የለም።»

«አፌ ላይ አለ።»

«እንደዚያ ብለው ከጻፉ እኮ ጡረታዎ አንድ ዓመት ሲቀረው ከቦታዎ ያነሱዎታል። እኔም ላድንዎ አልችልም።»

ጋሽ አሼቶ በሩን ከፍተው ወጡ። ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ሪፖርቱን በእጃቸው ጻፉና ለእኔ ሰጡኝ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው ጠረጴዛ የተሠራው በእኔ ትእዛዝ ነው። እንጨቱ እርጥብ መሆኑ ተነግሮኝ አሳልፌዋለሁ።»

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ያንን አልመታሁትም። ሌላውን ሁሉ ቃል በቃል መታሁ፤ እሱን ዘለልኩት። ስለምወዳቸው ነው። ጋሽ አሼቶ እኔ የመታሁትን አንብበው አያውቁም፤ አምነውኝ ዝም ብለው ይፈርማሉ። ሳፋው ላይ ያጎነበሱት ሰውዬ ያን ሰዓት ትዝም አላሉኝ።

ያን ቀን አነበቡት።

«አንተ ሰናይት! የት አለ?»

«እርስዎን እንዳይነኩዎት ብዬ ነው» አልኩና አለቀስኩ።

«እኔን ማን ይነካኛል? ደሞዝ አለኝ፣ ልጆቼ አድገዋል፣ አንድ ዓመት ምን አላት? ደምሴ ያለው ሦስት ዓሣና አንድ ሳፋ ነው። እሱ ጫካ ቢገባና ባይመለስ ይህን ወረቀት የት አደርገዋለሁ? ተነስ ከዚያ!»

ከወንበሬ አስነስተውኝ ራሳቸው ተቀመጡ። በጽሕፈት መኪና መትተው አያውቁም። በአንድ ጣት ከመጀመሪያው ጀመሩ። እያንዳንዱን ፊደል ይፈልጋሉ፤ «‹ጠ› የት ነው ያለው?» ይሉኛል፤ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ አሳያቸዋለሁ። ምሳ ሳንወጣ ዋልን። ሲጨርሱ ከነስርዝ ድልዙ ፈረሙበት።

መልሱ ሲመጣ አቶ ፍቅሩ የፈራው ሆነ። ካሳው ተፈቀደ፤ የሪፖርቱም ግልባጭ ከደብዳቤው ጋር ለእትዬ አስካለ ደረሳቸው። ጋሽ አሼቶ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ከእንግዲህ ንብረት እንዳይመረምሩ ተከልክለው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። በእሳቸው ቦታ አንድ ወጣት ባለሙያ ከጅማ በየጊዜው ይመጣል ተባለ።

ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። ሳምንት ሳይሞላ «ጋሽ እርጥብ» የሚል ስም ወጣላቸው። ላምባ አንሳ፣ በር ክፈት ሲሏቸው የኖሩት ነጋዴዎች ጊዜያቸው ደረሰ። «ጋሽ አሼቶ፣ ይህ አግዳሚ ደርቋል ወይ? ልቀመጥበት?» ይላቸዋል አንዱ። ስቀው ያልፋሉ። መዝገብ ቤት ሲገቡ ግን በሩን ይዘጉታል፤ ከዚያ በፊት በር ዘግተው አያውቁም ነበር። ለማንም ምንም ማዘዝ ተዉ። ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ በእትዬ አስካለ ደጅ ላለማለፍ በታች በኩል ዞረው መሄድ መጀመራቸው ነው። «ለምን አይጠይቋቸውም?» ስላቸው «በምን ዓይኔ?» አሉኝ።

እኔ ግን እሄድ ነበር። ሳፋ እንደ መስታወት በጎን አያሳይም፤ አስር አለቃ ደምሴ አንገታቸው እስኪዝል አጎንብሰው ያያሉ፣ ከዚያ ይነሱና በር ላይ ይቆማሉ። «ጫካውን ማየት ጀምሯል» አሉኝ እትዬ አስካለ። የባላቸውን ልብስ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለውት ነበር፤ ያለ ካፖርት አይሄድም ብለው።

የካቲት ላይ አዲሱ አኳሪየም ከአዲስ አበባ በፍራሽ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ መጣ። አዲስ ጠረጴዛም ተሠራ። ውሉ እንዲቀጥል ደግሞ ተቆጣጣሪ ማየት አለበት። ከጅማ የሚመጣው ወጣት የሚደርስበት ዕለት ጠዋት፣ አንድ ሰው የቢሮውን ደረጃ እየቆመ እየቆመ ሲወጣ ሰማሁ። አስር አለቃ ደምሴ ናቸው። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ እትዬ አስካለ ሣጥኑን ከፍተውላቸዋል ማለት ነው፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። ከተማ መሐል ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየናቸው ያን ቀን ነው። ገንዘብ ያዧ ሳታስበው ብድግ አለች።

በቀጥታ አቶ ፍቅሩ ፊት ሄደው ቆሙ። «የሚያየው ማነው?» አሉ።

«ከጅማ ባለሙያ እየመጣ ነው፣ አስር አለቃ። ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጡም። «ጋሽ አሼቶ ይዩት።»

«ጋሽ አሼቶ ፈቃድ የላቸውም። ስህተት ሠርተው ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። የፈሰሰው እኔ ቤት ነው።» ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጠረጴዛውን ያዝ አደረጉ። «የተጎዳሁት እኔ ነኝ፣ የምፈቅደውም እኔ ነኝ። እሳቸው ካላዩት ዓሣዎቹ ከሳፋው አይወጡም።»

አቶ ፍቅሩ እኔን አየኝ። እኔ የመዝገብ ቤቱን በር አየሁ። ገርበብ ብሏል፤ ጋሽ አሼቶ ሁለት ዶሴ ታቅፈው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል፤ እጃቸው ስለተያዘ አልጠረጉትም።

አቶ ፍቅሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የጅማው ልጅ ይፈርማል» አለ። «ጋሽ አሼቶ ደግሞ… እንግዳ ሆነው ይሂዱ። እንግዳ መሄድ አልተከለከለም።» ለዚህች አንዲት ቃሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ዶሴዎቹን ተቀበልኳቸው። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ፤ ደረጃው ላይ ጋሽ አሼቶ ቆም አሉ።

«ደምሴ፣ እኔ እኮ…»

«አስካለ አንብባልኛለች» አሉ አስር አለቃ ደምሴ። «‹ተነግሮኝ አሳልፌዋለሁ› ይላል። ደጋግማ እንድታነብልኝ አደረግኋት። አሥራ ሦስት ዓመት ወታደር ነበርኩ ጋሽ አሼቶ። ስንቱ ሰው በትእዛዝ ሄዶ ቀርቷል። እንዲህ ብሎ የጻፈ አለቃ ግን አንድም አላየሁም።»

ዶሴዎቹን ታቅፌ ከላይ ቆሜ ሰማሁ። ሪፖርቱን ስመታ ዘልዬው የነበረው ያንኑ ቃል ነው።